ተመልሶ የመጣ ቁስል እና በግማሽ የተጻፈ ምደባ፦ ሥር በሰደደ የደም መልስ ሕመም ላይ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ እና የያዙት ወረቀት

ታካሚዋ የ46 ዓመት ሴት ናቸው። ወደ እኛ የደም ሥር ሕክምና ክፍል የመጡት ከግራ እግራቸው ውስጠኛ ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የወጣና ለስምንት ወራት አልድን ያለ ቁስል ይዘው ነው። በእጃቸው የነበረው የሪፈር ወረቀት በምርመራ ውጤት ቦታ ላይ «ቫሪኮስ ቬይን፣ ሲ6» ይላል፤ ከሥሩም «ለቀዶ ሕክምና» የሚል ተጨምሮበታል። በወረቀቱ ላይ ከሰፈረው አንድም ፊደል ሐሰት አልነበረም። «ሲ6» የተወሰደው ሲኢኤፒ ከሚባለው ባለ አራት ፊደል የደም መልስ ሕመም ምደባ ነው፤ እኚህን ሴት ለዓመታት ወደማይበቃቸው ሕክምና የመሯቸው ከእርሱ ያልሰፈሩት ሦስት ፊደላት ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እነርሱ ናቸው። ታሪካቸው ለሙያ ባልደረቦች ትምህርት እንዲቀርብ ታካሚዋ የፈቀዱ ሲሆን፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ተትቷል።

ቁስሉ መጀመሪያ የወጣው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ያኔ በፋሻ እየታሰረ በአምስት ወር ገደማ ዳነ፤ ከዓመት በኋላም በሌላ የሕክምና ተቋም ትልቁ ሳፊነስ የተባለው፣ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ በእግር ውስጠኛ ጎን እስከ ብሽሽት የሚዘልቀው የላይኛው ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ተነቅሎ ወጣላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደም ሥሩን መልክና በውስጡ የሚሄደውን የደም ፍሰት አብሮ የሚያሳየው የዱፕሌክስ አልትራሳውንድ ምርመራ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ከመዝገባቸው አላገኘንም። ለሁለት ዓመት ያህል ጥቂት ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ ግን የተወጣጠሩና የተጠማዘዙ ደም መልሶች በጭናቸው ፊት ለፊት ብቅ አሉ፣ እብጠቱ ወደ ማታ እየባሰ ሄደ፣ በመጨረሻም ቁስሉ በቀድሞው ጠባሳ ላይ ተከፈተ። ሥራቸው ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም በመሆኑ፣ እርሳቸውም ሆኑ ያዩዋቸው ሐኪሞች ጥፋቱን ሁሉ በመቆም ላይ አሳብበው ኖረዋል።

አራቱ ፊደላት

ጉዳዩን ለመከታተል ምደባው ራሱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ደም መልስ ደምን ከሰውነት ወደ ልብ የሚመልሰው ቧንቧ ነው። የእግር ደም መልሶች ሥራ ከስበት ጋር የሚደረግ ትግል ስለሆነ፣ በውስጣቸው ደሙን ወደ ላይ አሳልፈው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉ ቫልቮች አሏቸው፤ የባት ጡንቻም በእያንዳንዱ እርምጃ እየጨመቀ ደሙን ይገፋል። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም በቁርጭምጭሚት አካባቢ ባለው ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ጤናማ እግር ሲራመድ ግን ይህ ግፊት ከ30 በታች ይወርዳል። ቫልቮቹ ሲበላሹ ወይም መንገዱ ሲዘጋ ግፊቱ በእርምጃ አይወርድም። ያኔ ፈሳሽና ቀይ የደም ሕዋሳት ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ወጥተው ወደ ቆዳ ይሰርጋሉ፣ ከሕዋሳቱ የሚቀረው ብረት ቆዳውን ቡናማ ያደርገዋል፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ቆዳው ይቆስላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ቁስሉ ከቫልቭ ብልሽትም ይምጣ ከመንገድ መዘጋት፣ በዓይን ሲታይ መልኩ አንድ ነው።

ሲኢኤፒ በሚባል ስም የሚታወቀው ምደባ የተዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ምደባዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1978 በዊድመር የቀረበው ባለ ሦስት ደረጃ ምደባ፣ በአብዛኛው በቆዳ ላይ የሚታየውን ብቻ የሚከተሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የደም መልስ ፎረም አስተባባሪነት በሐዋይ ማዊ ደሴት የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከሚታየው ምልክት ጎን ለጎን ምክንያቱን፣ ቦታውንና የብልሽቱን ዓይነት የሚመዘግብ ሥርዓት አወጣ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በኤክሎፍና ባልደረቦቹ፣ በ2020 ደግሞ በሉሪና ባልደረቦቹ ተሻሽሏል።

ሲ የሚለው ፊደል ዓይን የሚያየውንና እጅ የሚዳስሰውን ይይዛል። ሲ0 ምንም የሚታይም የሚዳሰስም ምልክት የሌለበት ነው፤ ሲ1 ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ክር መሰል ወይም ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ መረብ መሰል ደም መልሶች፤ ሲ2 ታካሚው ቆሞ ሲለኩ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቫሪኮስ ደም መልሶች፤ ሲ3 እብጠት ነው። ሲ4 የቆዳ ለውጥ ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ ሲ4ኤ የቆዳ መጥቆር ወይም ኤክዚማ፣ ሲ4ቢ የቆዳና የስብ መጠንከር ወይም ነጭ ጠባሳ መሰል ለውጥ፣ በ2020 የተጨመረው ሲ4ሲ ደግሞ በቁርጭምጭሚትና በውስጠኛው እግር ጠርዝ ላይ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ጥቃቅን ደም መልሶች ናቸው። ሲ5 የዳነ ቁስል፣ ሲ6 የተከፈተ ቁስል ነው። ከቁጥሩ በኋላ የሚገባው ኤስ የሕመም ስሜት መኖሩን፣ ኤ አለመኖሩን ያመለክታል። በ2020 የገባው አር የሚለው ፊደል ደግሞ ተመልሶ የመጣን ቫሪኮስ ወይም ተመልሶ የተከፈተን ቁስል ከአዲሱ ይለያል።

የቀሩት ሦስቱ ፊደላት በቶሎ ይነገራሉ፣ በተግባር ግን ብዙ ድካም ይጠይቃሉ። ኢ ምክንያቱን ይናገራል፦ ከራሱ ከደም መልሱ ግድግዳና ቫልቭ መድከም የመጣ ከሆነ ኢፒ፣ በሌላ ነገር የተከተለ ከሆነ ኢኤስ፣ ከውልደት ጀምሮ ያለ ከሆነ ኢሲ፣ ተመርምሮ ምክንያት ካልተገኘ ኢኤን ይባላል። ኤ ቦታውን ይናገራል፦ የላይኛው ደም መልስ (ኤኤስ)፣ ጥልቁ ደም መልስ፣ ወይም ሁለቱን የሚያያይዙት አገናኝ ደም መልሶች። ፒ የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል፦ ፒአር የደም ወደ ኋላ መፍሰስ፣ ፒኦ መዘጋት፣ ሁለቱ አብረው ካሉ ሁለቱም። ከዚህ ሌላ ምደባው የተሰጠበት ቀንና የምርመራው ደረጃ አብረው ይጻፋሉ፤ ደረጃ 1 በታሪክና በአካል ምርመራ ብቻ፣ ደረጃ 2 በዱፕሌክስና በመሰል መሣሪያዎች፣ ደረጃ 3 በቀለም በሚደረግ የደም መልስ ፎቶ፣ በሲቲ፣ በኤምአርአይ ወይም በደም ሥር ውስጥ በሚገባ አልትራሳውንድ የተረጋገጠ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን እና የእኔ ስህተት

በመጀመሪያው ቀን ታካሚዋን የመረመርኳቸው እኔ ነኝ። ቁስሉ 3.5 በ2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጠርዙ ያልተስተካከለና ፈሳሽ የሚያወጣ ነበር። በዙሪያው ያለው ቆዳ ጠቁሯል፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ክፍልም ጠንክሮ በጣት ሲጫኑት አይጎደጉድም። የግራው ባት ዙሪያ ከቀኙ በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ንጽጽር 1.06 ስለነበር የደም ቅዳ መጥበብ አልነበረም፤ ይህ መለኪያ ቁስል ያለበትን እግር በፋሻ ከመጭመቅ በፊት የግድ መታየት ያለበት ነው። ምደባው ለእያንዳንዱ እግር ለየብቻ ስለሚሰጥ ቀኙንም አየሁ፤ ጥቂት መረብ መሰል ደም መልሶች እንጂ ሌላ ምልክትም ስሜትም ስለሌለው ሲ1ኤ ተባለ።

ለግራው እግር በመዝገቡ ላይ «ሲ2አር፣ 3፣ 4ኤ፣ 4ቢ፣ 6አር፣ ኤስ» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ልክ ነበር፤ የሪፈር ወረቀቱ የያዘውን «ሲ6» ወደ «ሲ6አር» መለወጥም ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ድኖ እንደገና የተከፈተ ቁስል «ለምን ተመለሰ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣልና። ነገር ግን እዚያው ላይ «ኢፒ፣ ኤኤስ፣ ፒአር፣ ደረጃ 1» ብዬ ጨመርኩ። ይህ ግምት ነበር። በጭኑ ፊት ያሉትን ጎልተው የወጡ ደም መልሶች አይቼ፣ የቀድሞው ቀዶ ሕክምና የተወው ቅርንጫፍ አለ ብዬ አሰብኩ። ባልተመረመረው ነገር ላይ ማድረግ የነበረብኝ ቦታውን ባዶ ትቶ «ምርመራ ይቀራል» ብሎ መጻፍ ነው። ኢኤን የሚለውንም ባልመረመርነው ነገር ላይ መጻፍ አይገባም፤ ትርጉሙ «ፈልገን አላገኘንም» እንጂ «ገና አልፈለግንም» አይደለም። ወጣት ባልደረቦቼ ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ከእነርሱ የባሰውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያልታየውን እንደታየ አድርጌ ጽፌያለሁና።

ለዚህ ግምት የሚገፋ አንድ በጎ ምክንያትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኤስካር የተባለው ጥናት፣ የደም መልስ ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ ከመጭመቅ በተጨማሪ የላይኛውን ደም መልስ በቀዶ ማከም በ12 ወር ውስጥ የቁስሉን መመለስ ከ28 ወደ 12 በመቶ እንዳወረደው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ኢቭራ የተባለው ጥናት ደግሞ በ450 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ፣ የላይኛውን ደም መልስ ቶሎ በውስጥ መንገድ መድፈን ቁስሉ የሚድንበትን መካከለኛ ጊዜ ከ82 ወደ 56 ቀን እንዳሳጠረ አረጋግጧል። ስለዚህ ሲ6 ያለበትን ሰው ሲያዩ ወደ ላይኛው ደም መልስ መቸኮል መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ኢቭራ ጥልቁ ደም መልሳቸው የተዘጋባቸውን ሰዎች አላካተተም። በሌላ አነጋገር የጥናቱ ውጤት የሚያገለግለው ሲ ብቻ ሳይሆን ኤ እና ፒ ለሚመሳሰሉለት ታካሚ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፉትም እነርሱ ነበሩ።

ዱፕሌክሱ የተናገረው

ዱፕሌክሱ የተሠራው በሦስተኛው ቀን ታካሚዋ ቆመው ነው። ትልቁ ሳፊነስ ከጭን ላይ የለም፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከፊት ለፊቱ የሚሄደው ተጓዳኝ ሳፊነስ ግን ሰፍቶ፣ ደሙ ለ1.9 ሴኮንድ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ በላይኛው ደም መልስ ከ0.5 ሴኮንድ የበለጠ የኋሊት ፍሰት እንደ ሕመም ይቆጠራል። ከቁስሉ ሥር ስፋቱ 4.1 ሚሊ ሜትር የሆነና ደም ወደ ውጭ የሚያፈስ አገናኝ ደም መልስ ተገኘ፤ በቁስል ሥር ሆኖ 3.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፍሰቱም ከ0.5 ሴኮንድ ያላነሰ አገናኝ ደም መልስ ሕመም ያለበት ይባላል። እስከዚህ የእኔን ግምት የሚያፈርስ ነገር አልነበረም።

ግምቱን ያፈረሱት ሁለት ግኝቶች ናቸው። አንደኛ፣ በጭን ውስጥ የሚሄደው ጥልቁ ደም መልስ ግድግዳው ወፍሮ፣ በመካከሉ ክር መሰል ጠባሳ ይታይበት ነበር፤ በእርሱና ከጉልበት ኋላ ባለው ደም መልስም የኋሊት ፍሰቱ 1.7 እና 1.4 ሴኮንድ ደረሰ። ለእነዚህ ደም መልሶች መለኪያው 1 ሴኮንድ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በብሽሽት ላይ ያለው ደም መልስ ፍሰት ጤናማ ሲሆን ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ የታካሚዋ ቀኝ ብሽሽትም እንዲሁ ነበር። በግራው ግን ፍሰቱ አንድ ወጥና ዝግተኛ ሆኖ ለትንፋሽ ምንም መልስ አይሰጥም። አልትራሳውንዱን የሠሩት ባለሙያ ከብሽሽት ይልቅ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር መንገዱን እንደያዘ ጠርጥረው፣ ሪፖርቱ ላይ «ኢልያክ ይታይ» ብለው ጻፉ፤ ኢልያክ ከብሽሽት በላይ በዳሌ ውስጥ የሚያልፈው ደም ሥር ነው። ይህች አጭር ማስታወሻ የጉዳዩን አቅጣጫ ቀይራለች፤ ምስጋናዬም ለእርሳቸው ነው።

ውጤቱን ይዤ ወደ ታካሚዋ ተመለስኩና በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋቸው። «እግርዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበጠው መቼ ነው?» አልኳቸው። «ሁለተኛዋን ልጄን በወለድኩ በሳምንቱ ነው፤ እስከ ጭኔ አብጦ መራመድ አቅቶኝ ነበር። የወሊድ ነው፣ ይተውሻል አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ ይህ እግር ከሌላው ይወፍራል፤ ግን ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ልጃቸው 19 ዓመቷ ነው። በተጨማሪም ፈጠን ብለው ሲራመዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ ጭናቸው የሚፈነዳ ያህል እንደሚወጠርና ተኝተው እግራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ቀስ ብሎ እንደሚለቃቸው ነገሩን። ይህ ዓይነቱ ሕመም ደሙ ከእግር የሚወጣበት መንገድ ሲጠብ የሚመጣ ነው። ከዚያ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸውን እንዳይ ጠየቅኋቸው። ከብልት በላይ ባለው ቆዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገሩ የተጠማዘዙ ደም መልሶች ነበሩ። እነዚህ መንገድ ያጣው የግራ እግር ደም በቀኙ በኩል ለመመለስ የከፈታቸው ተለዋጭ መንገዶች ናቸው። እንደ ቫሪኮስ ተቆጥረው ቢነቀሉ ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም ሐኪም ይረዳዋል። በመጀመሪያው ቀን እግሩን ከብሽሽት በታች ብቻ ስለመረመርኩ አላየኋቸውም።

«ኢ» ላይ የተነሣው ክርክር

በሲቲ ከዚያም በደም ሥር ውስጥ በገባ አልትራሳውንድ የግራው የጋራ ኢልያክ ደም መልስ የቀኙ ኢልያክ ደም ቅዳ በላዩ በሚያልፍበት ቦታ ከሦስት አራተኛ በላይ ጠብቦ ተገኘ፤ ወደ ውጪኛው ኢልያክ የሚወርደው ክፍልም በአሮጌ ጠባሳ ተወሯል። የደም ቅዳው የግራውን ደም መልስ በአከርካሪ አጥንት ላይ ተጭኖ ማጥበቡ እ.ኤ.አ. በ1957 በሜይ እና ተርነር የተገለጸ ነገር ሲሆን፣ በእርግዝና ጊዜ የደም መርጋት ከቀኝ ይልቅ በግራ እግር የሚበዛውም በአመዛኙ በዚሁ ምክንያት ነው። የታካሚዋ ታሪክ ከዚህ በኋላ በቅደም ተከተል ተነበበ፦ ከውልደት ጀምሮ የነበረ ጫና፣ በወሊድ ሰሞን የረጋ ደም፣ በከፊል ብቻ የተከፈተ መንገድ፣ የተበላሹ ቫልቮች፣ ከዚያም ከ12 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቁስል።

ታዲያ ኢ ምን ይባላል? የክፍላችን ሐኪሞች በዚህ ላይ ረዘም ያለ ክርክር አድርገናል። የ2020 ማሻሻያ ኢኤስን በሁለት ከፍሎታል። ኢኤስአይ በደም መልሱ ውስጥ በተፈጠረ ነገር፣ በተለይም በደም መርጋት ግድግዳው ወይም ቫልቩ የተጎዳበትን እግር ይመለከታል። ኢኤስኢ ደግሞ ግድግዳውና ቫልቩ ሳይጎዱ፣ ከውጭ በሚመጣ ጫና ወይም እንደ ልብ ድካም ባለ አጠቃላይ ችግር ምልክቱ የታየበትን ነው። አንዲት ባልደረባችን መነሻው የደም ቅዳው ጫና ስለሆነ ኢኤስኢ ይባል ሲሉ ተከራከሩ፤ የተናገሩት የበሽታውን የመጀመሪያ ምንጭ በመሆኑ ቀላል ክርክር አልነበረም። እኔ የያዝኩት አቋም ግን ትርጓሜው ራሱ «ግድግዳና ቫልቭ ያልተጎዱበት» ስለሚል፣ የእኚህ ሴት እግር ደግሞ ከብሽሽት እስከ ጉልበት የተጎዳ ስለሆነ፣ ኢኤስአይ ብለን ጫናውን በቃል ማስፈር ይገባል የሚል ነው። በመጨረሻ በዚህ ተስማማን። ምደባው ሁሉን ነገር በፊደል መያዝ ሲያቅተው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጎኑ መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም።

ስለዚህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተጻፈው ምደባ እንዲህ ሆነ፦ «ሲ2አር፣ 3፣ 4ኤ፣ 4ቢ፣ 6አር፣ ኤስ፤ ኢኤስአይ፤ ኤ የላይኛው፣ አገናኝ እና ጥልቁ፤ ፒአር በፊት ተጓዳኝ ሳፊነስ፣ በባት አገናኝ፣ በጭን ጥልቅ እና ከጉልበት ኋላ ባለው ደም መልስ፤ ፒኦ በጋራና በውጪኛው ኢልያክ፤ ደረጃ 3»፤ ቀኑም ከጎኑ ሰፈረ። ይህን ከ«ቫሪኮስ ቬይን፣ ሲ6» ጋር ላስተያየ ሰው ሁለቱ ስለ አንድ እግር የተጻፉ አይመስሉትም።

ሕክምናው እና የተከተለው

ሕክምናው ምደባውን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ሄደ። በመጀመሪያ የጠበበው ኢልያክ በፊኛ ተከፍቶ ስቴንት፣ ማለትም መንገዱን ክፍት አድርጎ የሚይዝ የመረብ ቱቦ፣ ገባበት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረ። ፋሻውም በአግባቡ የሚጨምቅ ባለ ብዙ ድርብ ሆኖ በየሳምንቱ ይለወጥ ጀመር። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተደረገው ዱፕሌክስ የብሽሽቱ ፍሰት ከትንፋሽ ጋር መነሣትና መውረድ እንደጀመረ ስላሳየ፣ የፊት ተጓዳኙ ሳፊነስ በውስጥ መንገድ በሙቀት ተደፈነ። ይህ ቅደም ተከተል የታሰበበት ነው። የጥልቁ መንገድ ተዘግቶ ሳለ የላይኛውን መድፈን በሁሉም ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል ለማለት አይደለም፤ በዚህች እግር ላይ ግን ደሙ ሌላ መውጫ እንዳለው ሳይረጋገጥ ያለውን መንገድ መንካት አልፈለግንም። አገናኙን ደም መልስ ለጊዜው ተውነው። በጭኑ ጥልቅ ደም መልስ ላይ ያለውን የቫልቭ ብልሽት የሚያስተካክል ነገር አልተደረገም፤ ስለዚህ የሚጨምቀው ካልሲ የዕድሜ ልክ ጓደኛ እንደሚሆን ለታካሚዋ በግልጽ ነገርናቸው።

ቁስሉ በ13ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። በስድስተኛው ወር ምደባው እንደ አዲስ ተሰጠ፦ «ሲ2አር፣ 3፣ 4ኤ፣ 4ቢ፣ 5፣ ኤስ»፤ ኢ እንዳለ ቀረ፤ ከፒ ውስጥ የኢልያኩ መዘጋትና የተጓዳኙ ሳፊነስ የኋሊት ፍሰት ወጡ፣ የጥልቁ ግን ቆየ። በሕመሙ የተለወጠው ነገር ከሲ ይልቅ በፒ ላይ የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በሲ በኩል 6 ወደ 5 ከመውረዱ በቀር ለውጥ የለም፤ ከእንግዲህም ከ5 በታች አይወርድም፤ አንድ ጊዜ የቆሰለ እግር ሁልጊዜ የቆሰለ እግር ተብሎ ይመዘገባልና። የሲ ቁጥሮች የሚታየውን የሚገልጹ እንጂ የሕመሙን ክብደት የሚለኩ ደረጃዎች አይደሉም፤ ሁሉም ሰው ከ1 ተነሥቶ ወደ 6 አይጓዝም፣ ሲ3 ያለበት ሰውም ሲ4ኤ ካለበት የበለጠ ሊሰቃይ ይችላል።

ለውጥን ለመለካት የተሠራው መሣሪያ ሌላ ነው። የደም መልስ ክሊኒካዊ ክብደት ነጥብ የተባለው መለኪያ አሥር ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ጠቅላላው 30 ነው። የታካሚዋ ነጥብ ከሕክምናው በፊት 18፣ በስድስተኛው ወር 10 ነበር። ይህንን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ከአሥሩ ጥያቄዎች አንዱ ካልሲው ምን ያህል እንደሚለበስ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ታካሚው በታዘዘው መሠረት በለበሰ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። እኚህ ሴት ቀድሞ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚለብሱ 1፣ በኋላ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ስለለበሱ 3 አግኝተዋል። ይህ ጥያቄ ተነጥሎ ቢታይ የሕመማቸው ነጥብ ከ17 ወደ 7 ወርዷል ማለት ነው። ትጉ ታካሚ በወረቀት ላይ ከእውነተኛው ለውጥ ያነሰ ውጤት ይዞ እንዲታይ ማድረግ ተገቢ ስላልሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ድምር ጎን ለጎን እንጽፋለን።

በ12ኛው ወር ስቴንቱ ክፍት ነበር፣ ቁስሉም አልተመለሰም። ታካሚዋ አሁን ደረጃ ሲወጡ ጭናቸው እንደማይወጠር፣ እብጠቱ ግን ረጅም ሰዓት ቆመው በዋሉ ቀን እንደሚሰማቸው ነገሩን። ቆዳቸው እንደ ጠቆረና እንደ ጠነከረ ነው፤ ይህ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ከ19 ዓመት በፊት እብጠቱ በዱፕሌክስ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ ላይደርስ ይችል እንደነበር ሳስብ ያሳዝነኛል። ወደ ላኳቸው ሐኪም የጻፍኩት ደብዳቤ ሙሉውን ምደባ ከነቀኑና ከነደረጃው፣ ስለ ኢልያኩ ጫና የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር፣ ከብልት በላይ ያሉት ደም መልሶች እንዳይነኩ የሚል ማሳሰቢያ፣ እንዲሁም በመጀመሪያው ቀን እኔ ራሴ «ኢፒ» ብዬ እንደነበርና በምን ምክንያት እንደቀየርኩት ይዟል።